ዩክሊድና የሦስት ማዕዘን ሕግ

በዚህ መጽሔት ላይ አንዳችን ስለ ጤና፣ አንዳችን ስለ ልጅ አስተዳደግ ስንጽፍ ቆይተናል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የአንድ ሊቅ ታሪክ ላጫውታችሁ አሰብኩ። ስሙ ዩክሊድ ይባላል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚማሩት ጂኦሜትሪ አብዛኛው ከእሱ መጽሐፍ የመጣ ነው።

ዩክሊድ በግሪክ ቋንቋ የጻፈ ሰው ሲሆን ያስተማረው በግብፅ አገር በእስክንድርያ ከተማ ነው። ይህችን ከተማ ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ቆረቆራት። እሱ ሲሞት ከጦር አለቆቹ አንዱ የሆነው ፕቶሌሚ ግብፅን ያዘና ኋላም ንጉሥ ተባለ። ዩክሊድ የሠራው በዚሁ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ነው።

ስለ ጠባዩ ሁለት ወሬ ይነገራል። አንድ ቀን ንጉሡ ጂኦሜትሪን ለመማር ከዚህ ያጠረ መንገድ የለም ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ለዚህ ትምህርት ለንጉሥ ተብሎ የተጠረገ መንገድ እንደሌለ መለሰለት ይባላል። መቼም ንጉሥም ቢሆን ቀስ በቀስ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ትምህርት እንደጨረሰ ይህን ተምሬ ምን አገኛለሁ ቢለው፣ ዩክሊድ አሽከሩን ጠርቶ ሰውየው ከተማረው ሁሉ ትርፍ ይፈልጋልና ጥቂት ፍራንክ ስጠው አለ ይባላል።

ትልቁ ሥራው በ13 ክፍል የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ ላይ ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ፤ በ12ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ላቲን ተመለሰ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1482 ቬኒስ ከተማ በማተሚያ መኪና ታተመ። በመጀመሪያው ክፍል 48 ጉዳዮች በተራ ቁጥር ሰፍረዋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ 20ኛው ነው።

ነገሩ ይህ ነው። በማንኛውም ሦስት ማዕዘን፣ ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ ከሦስተኛው ጎን ይበልጣሉ። ሦስት እንጨት አምጡና ሞክሩት። 10፣ 6 እና 5 ሜትር ቢሆኑ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ፤ 6 እና 5 አንድ ላይ 11 ነውና። 10፣ 6 እና 4 ቢሆኑ ሁለቱ በረጅሙ ላይ ተኝተው ይቀራሉ እንጂ ማዕዘን አይወጣቸውም። 10፣ 5 እና 3 ቢሆኑማ ጭራሽ አይደራረሱም። እንግዲህ ማየት ያለብን ረጅሙን ጎን ብቻ ነው፤ ሁለቱ አጫጭሮች ተደምረው ከበለጡት ይሆናል፣ ካልበለጡት አይሆንም። ዩክሊድም በ22ኛው ላይ ከሦስት መስመር ሦስት ማዕዘን እንዴት እንደሚሠራ ሲያስተምር ይህንኑ አስቀድሞ ግዴታ አድርጎታል።

ታዲያ የኤፊቆሮስ ተከታዮች የሚባሉት ፈላስፎች በዚህ ሳቁበት። ይህን እኮ አህያም ያውቀዋል አሉ፤ ድርቆሽ ከወዲያ ማዶ ቢቀመጥላት በቀጥታ ትሄዳለች እንጂ በሌላው ማዕዘን ዞራ አትሄድም። ከ700 ዓመት በኋላ የተነሣው ፕሮክሉስ የሚባል ሊቅ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። አንድን ነገር በዓይን ማየትና ለምን እንደሆነ በምክንያት ማወቅ የተለያየ ነው ይላል። ዩክሊድ አየሁ ብሎ አልተወውም፤ ሁለቱን ጎኖች በአንድ ቀጥታ መስመር ዘርግቶ፣ ከትልቁ ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ጎን ትልቅ መሆኑን መሠረት አድርጎ አስረዳ።

እኔ ደግሞ በበኩሌ አንድ ነገር ልጨምር። አህያ የምታውቀው በእግሯ ነው። ወረቀት ግን እግር የለውም፤ የተጻፈበትን ሁሉ ዝም ብሎ ይሸከማል። በጸሐፊነት ዘመኔ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቦታ ተጣልተው ነበር። ቦታው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ወረቀቱ 40፣ 22 እና 15 ሜትር ይላል። አንዱ ወሰን ገፋህ፣ ሌላው ሰረቅኸኝ ይባባላሉ፤ ለቅሶ እንኳ መደራረስ ትተው ነበር። አንድ የቀያሽነት ሥራ የሚያውቅ ባልደረባችን ወረቀቱን አየና 22 እና 15 ሲደመር 37 ነው፣ ከ40 በ3 ሜትር ያንሳል፣ እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ሊኖር አይችልም አላቸው። ቦታው እንደገና ሲለካ 15 የተባለው 25 ሆኖ ተገኘ። ሲገለበጥ የተሳሳተ አንድ ቁጥር ነበር። ወንድማማቾቹ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በሽማግሌ ፊት ታረቁ።

አህያ ያውቀዋል ተብሎ የተናቀው ሕግ ሁለት ወንድማማቾችን አስታረቀ። እንግዲህ ከመካከላችን ሦስት ማዕዘን ቦታ ያለው ሰው ቢኖር፣ ከጎረቤቱ ጋር ከመነታረኩ በፊት ወረቀቱን አውጥቶ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች ይደምር። ረጅሙን የማይበልጡ ከሆነ የተሳሳተው ወረቀቱ ነውና ጎረቤቱን አይቀየም።