አርኪሜድስና ሁለቱ ወሰኖች

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 ዓመት ገደማ በሲሲሊያ ደሴት፣ ሲራኩዝ በተባለች የግሪኮች ከተማ የተወለደው አርኪሜድስ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በመታጠቢያው ገንዳ ታሪክ ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ የወደድነው ስለ ክብ ልክ የጻፈውን አጭር ድርሰት ነው።

ሊቁ የክብ ዙሪያ የስፋቱ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ለማወቅ ሲል አንድ ባለ 6 ጎን ቅርጽ በክቡ ውስጥ፣ አንድ ደግሞ ከክቡ ውጭ አደረገ። ጎኖቹንም አራት ጊዜ በእጥፍ እያበዛ 96 አደረሳቸው። የውስጡ ቅርጽ ዙሪያ ከክቡ ያንሳል፤ የውጭው ይበልጣል፤ እውነተኛው ልክ ከሁለቱ መካከል አይወጣም።

በስሌቱ ውስጥ ግን የ3 ስኩዌር ሩት፣ ይኸውም በራሱ ሲባዛ 3 የሚሆነው ቁጥር ገባበት። ይህን ቁጥር በክፍልፋይ በትክክል መጻፍ ከቶ አይቻልም። አርኪሜድስ ታዲያ ለሁለቱም ቅርጾች አንድ ግምት ይዞ አልሄደም። ለውጭው በጥቂት የሚያንሰውን 265/153ን፣ ለውስጡ በጥቂት የሚበልጠውን 1351/780ን ወሰደ። ነገሩ የተገላበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ የገባው በአካፋይ በኩል ስለ ሆነ፣ አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ይበልጣል። እንዲህ እየተጠነቀቀ ልኩ ከ3 ከ1/7 እንደሚያንስ፣ ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ አረጋገጠ።

ይህ ያረጀ ነገር ነው የሚል ተማሪ ቢኖር ኮምፒዩተርን ይመልከት። ኮምፒዩተር ቁጥርን በ0ና በ1 ስለሚጽፍ አንድ አሥረኛ እንኳ ተጽፎ አያልቅለትም፤ ቆርጦ ወይም አጠጋግቶ ይይዘዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. በሳውዲ ዓረብያ፣ በዳህራን አንድ የሚሳይል መከላከያ መሣሪያ በዚሁ በአንድ አሥረኛ ጉድለት ሰዓቱ ስለ ተዛባ የመጣውን ሚሳይል ሳያገኘው ቀርቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

አሜሪካዊው ራሞን ሙር በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥርን ሁሉ በታችና በላይ ወሰን አጥሮ ማስላትን አስተማረ። አጥሩ እንዲጸና የታችኛው ወሰን ሁልጊዜ ወደ ታች፣ የላይኛው ወደ ላይ መጠጋጋት አለበት፤ ሁለቱም በአቅራቢያቸው ወዳለው ቁጥር ቢጠጋጉ እውነተኛው መልስ ሳይታወቅ ከአጥሩ ውጭ ሊቀር ይችላል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮምፒዩተር ቁጥሮች ደንብ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች እነዚህን ሁለት አቅጣጫዎች ፈቀደላቸው።

አርኪሜድስ በ212 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሮማውያን ሲራኩዝን በያዙ ጊዜ በአንድ ወታደር እጅ ተገደለ። የጦር አዛዡ ማርሴሉስ ሊቁ እንዳይነካ ፈልጎ ነበር ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሲሲሊያ የገንዘብ ሹም ሆኖ ያገለገለው ወጣቱ ሲሴሮ መቃብሩን እሾህና ቁጥቋጦ ውጦት አገኘው፤ በላዩም የሉልና የሲሊንደር ምስል ተቀርጾ ነበረ።