ሲናን፤ የኦቶማን ቱርኮች የሕንፃ ሊቅ

ወደ ኢስታምቡል በባሕር የሚገባ መንገደኛ ገና ከሩቅ ሳለ የሚያየው በኮረብታዎቹ ላይ የተደረደሩትን ጉልላቶችና ሚናሬቶች ነው። ከእነዚህም መካከል ወርቃማው ቀንድ የተባለውን የባሕር ሰርጥ ቁልቁል እያየ የቆመው የሱሌይማንዬ መስጊድ ነው። ከዚህ ታላቅ መስጊድ ቅጥር ውጭ፥ ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን፥ አንዲት ትንሽ የመቃብር ቤት አለች። በውስጧ ያረፈው መስጊዱን የሠራው ሲናን ነው። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን፤ ዓመቶቹንም የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሲናን የተወለደው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ በአናቶሊያ በቃይሴሪ ከተማ አጠገብ በምትገኝ አግርናስ በምትባል መንደር፥ ከክርስቲያን ቤተሰብ ነው። ወላጆቹ ግሪኮች ነበሩ ወይስ አርመኖች በሚለው ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኛ በዚህ ክርክር አንገባም። በዚያ ዘመን የኦቶማን መንግሥት የክርስቲያን ገበሬዎችን ልጆች እየመለመለና እያሰለመ ለቤተ መንግሥትና ለጦር ሥራ ያሠለጥን ነበር። ሲናንም በቀዳማዊ ሱልጣን ሰሊም ዘመን፥ የብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ዕድሜ ላይ ሳለ፥ በዚሁ ምልመላ ከመንደሩ ተወሰደ። አናጢነት ተማረ፤ ጃኒሳሪ ከሚባሉት ወታደሮች ጋርም ተቈጠረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ የዘመቻ ታሪክ ነው። በ1521 ቤልግሬድ፥ በ1522 ሮድስ፥ በ1526 ሞሃች ዘመተ። የአናጢው ወታደር ትምህርት ቤት ይኸው ነበር ለማለት እንደፍራለን፤ የሌሎችን አገር ምሽግና ድልድይ፥ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ እያየ ዞሯልና። በ1538 በሞልዳቪያ ዘመቻ ጊዜ ረግረግ በሆነው የፕሩት ወንዝ ዳር ሠራዊቱ መሻገሪያ አጥቶ ሲቸገር፥ ሲናን በ13 ቀን የእንጨት ድልድይ ሠርቶ አሻገረው። ብዙም ሳይቈይ የመንግሥቱ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው ወደ 50 ተጠግቶ ነበር፤ ሌላው ሰው ስለ ዕረፍት በሚያስብበት ጊዜ እርሱ ሥራውን ገና ጀመረ።

በዚህ ሹመት በሦስት ሱልጣኖች ዘመን 50 ዓመት ያህል አገለገለ። መስጊድ፥ ትምህርት ቤት፥ ድልድይ፥ መታጠቢያ ቤትና የውሃ ማስተላለፊያ ሳይቀር በስሙ የተመዘገቡት ሥራዎች ከ300 ይበልጣሉ። ሁሉን መዘርዘር አንችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው የኖረውን አንድ ነገር ግን ማንሣት አለብን። ይኸውም ጉልላት ነው።

ክብ ጉልላትን በአራት ማዕዘን ቤት ላይ መድፋት ቀላል አይደለም፤ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋልና። ከሲናን አንድ ሺህ ዓመት በፊት፥ በ537፥ የቢዛንቲኑ ንጉሥ ዩስቲኒያኖስ ያስፈጸመው የሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጉልላቱ በ558 ተደርምሶ እንደገና ተሠርቷል። ይህ ሕንፃ በ1453 መስጊድ፥ ኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት ሙዚየም፥ በ2020 ደግሞ ተመልሶ መስጊድ ሆኗል። በሲናን ጊዜ ኢስታምቡል ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ የሚለካው በእርሱ ነበር።

ሲናን መጀመሪያ በ1548 የተፈጸመውን የሸህዛዴ መስጊድ ሱልጣን ሱሌይማን ለሞተበት ልጁ መታሰቢያ ሲያሠራ፥ ጉልላቱን በአራት ግማሽ ጉልላቶች ደገፈው። ቀጥሎ ከ1550 እስከ 1557 ሱሌይማንዬን ሠራ። የጉልላቱ ስፋት 26 ሜትር ተኩል ያህል፥ ከፍታው ከወለሉ 53 ሜትር ገደማ ነው። የሥራው የሒሳብ መዝገብ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያኖች እንደ ነበሩ የታወቀውም ከዚያው ነው። በቢሮ ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ የደመወዝ መዝገብ ከሱልጣን ዜና መዋዕል ያልተናነሰ ታሪክ ይናገራል። የመብራቶቹም ጢስ በነፋስ እየተገፋ ከዋናው በር በላይ ባለች ክፍል እንዲጠራቀም ተደርጎ፥ ጥላሸቱ ለጸሐፊዎች ቀለም ይሠራበት ነበር ይባላል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ 1557ን የሚያስታውሰው በሌላ ነው፤ የዚሁ ሱልጣን ወታደሮች ምጽዋን የያዙበት ዓመት ነውና።

ዕድሜው ወደ 80 ሲጠጋ ለዳግማዊ ሱልጣን ሰሊም በኤዲርኔ ከተማ የሰሊምዬን መስጊድ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጉልላቱን ያሳረፈው በስምንት ምሰሶዎች ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑን የሚከፋፍልበት ነገር ሳይኖር መላውን ስፋት በአንድ ጊዜ ያያል። ሕንፃው በ1575 ሲፈጸም ሰሊም ሞቶ ነበር። ሲናን በእርጅናው ባስጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሐጊያ ሶፊያን እንደ በለጠ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር የሁለቱ ጉልላቶች ስፋት 31 ሜትር አካባቢ ሆኖ ተቀራራቢ ነው፤ ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ከፍታ ግን የሐጊያ ሶፊያው ይበልጣል። ሽማግሌው በዚህ ነገር ትንሽ ጨምሯል፤ እኛ ግን አንፈርድበትም።

ምክንያቱም ሰሊምዬ በሚሠራበት በዚያው ዘመን ሐጊያ ሶፊያ ግድግዳው ተንጋዶ ያሠጋ ስለ ነበር፥ እንዲጠግን የታዘዘው ራሱ ሲናን ነበር። በዙሪያው የተለጠፉትን ቤቶች አስፈርሶ የድጋፍ ግንብ አቆመለት። ዕድሜውን ሙሉ ሊበልጠው ሲመኝ የኖረውን ሕንፃ እንዳይወድቅ ያጸናው እርሱ ነው።

ሲናን በ1588 ሞተ። መቃብሩን አስቀድሞ ራሱ አሠርቶ ነበር። በላዩ የተቀረጸው ግጥም ከሥራዎቹ መካከል ከኢስታምቡል ወጣ ብሎ በቡዩክቼክሜጄ የሠራውን የድንጋይ ድልድይ ያነሣል። ድልድዩም ዛሬ ድረስ ቆሟል።