ፒተር ካርትራይት፥ በፈረስ የዞረው ሰባኪ

ፒተር ካርትራይት በአሜሪካ፥ በቪርጂኒያ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1785 ዓ.ም. ተወለደ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ወደ ኬንታኪ ይዘውት ሄዱ። የሰፈሩበትም አውራጃ ከሕግ የሸሹ ወንበዴዎችና ነፍሰ ገዳዮች የተሰበሰቡበት ነበረ።

ፒተርም በጕብዝናው ወራት ካርታ መጫወትንና ፈረስ ማሽቀዳደምን ይወድ ነበረ፤ እናቱ ብትገሥጸውም አልሰማም። አንድ ቀን ግን በሰርግ ቤት ሲጨፍር ውሎ በተመለሰ ጊዜ ኅሊናው ወቀሰው። የእሽቅድምድሙን ፈረስ እንዲሸጥለት አባቱን ለመነ፤ ካርታውንም ለእናቱ ሰጣት፤ እርስዋም ከእሳት ጣለችው። በ1801 ዓ.ም. ወደ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ገባ።

የዚያን ጊዜ ሰባኪ መጽሐፉን በኮርቻው ጭኖ፥ ወንዝ እየተሻገረ ከጎጆ ወደ ጎጆ ይዞር ነበረ። ካርትራይት ጕልበት እንጂ ትምህርት አልበዛለትም ነበርና ዊልያም ማኬንድሪ የሚባል አለቃው የሚያነበውን መጽሐፍ እየመረጠ አስተማረው። በ1806 ዓ.ም. ጳጳሱ ፍራንሲስ አዝበሪ ዲቁና ሰጠው፤ አዝበሪም ራሱ ዕድሜውን በፈረስ ላይ የጨረሰ ሰው ነበረ። በ1808 ዓ.ም. ማኬንድሪ ጳጳስ ሆነና ደቀ መዝሙሩን ቄስ አደረገው። በዚያው ዓመት ካርትራይት ፍራንሲስ ጌንስን አገባ።

ካርትራይት ባርነትን ይጠላ ነበርና ልጆቹ ባሪያ በሚገዛ አገር እንዳያድጉ በ1824 ዓ.ም. ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኢሊኖይ ተነሣ። በመንገድ በሰፈሩበት ሌሊት ዛፍ ወድቆ ሴት ልጁን ሲንቲያን ገደላት። እርስዋንም ቀብረው በኀዘን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በኢሊኖይ ስብከቱን ሳይተው ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተመረጠ። በ1832 ዓ.ም. ካሸነፋቸው ተወዳዳሪዎች አንዱ አብርሃም ሊንከን የሚባል ወጣት ነበረ። በ1846 ዓ.ም. ግን ለአገሪቱ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ሊንከን አሸነፈው። በዚያ ክርክር ሊንከን ሃይማኖት የለውም የሚል ወሬ ከካርትራይት ወገን ተነዝቶ ነበረ፤ ይህ ለሰባኪ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። ሊንከንም ወሬው ሐሰት መሆኑን ጽፎ አሳተመ።

በ1859 ዓ.ም. የካርትራይት የልጅ ልጅ በጠብ አንድ ጕልማሳ በቢላዋ ወግቶ ገደለና ለፍርድ ቀረበ። የሞተውም በሊንከን ቢሮ ሕግ የተማረ ነበረ። ቢሆንም ሊንከን ለተከሳሹ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ሽማግሌው ካርትራይትም ከዳኛው ፊት ቀርቦ፥ ሟቹ በሞት አልጋው ላይ ሳለ ጠቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ገዳዩን ይቅር ማለቱን መሰከረ። ከሳሹ ይህ ምስክርነት አይሰማ ብሎ ቢከራከርም ሊንከን አጥብቆ ተሟገተ፤ ተፈቀደም። የልጅ ልጁም በነጻ ተለቀቀ።

በሚከተለው ዓመት ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ካርትራይትም በ1872 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በኢሊኖይ አረፈ።