ዑመር (ረ.ዐ) እና ማገልገል ያቃታቸው እንስሳት

 

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሲባል ብዙዎቻችሁ ፍትሑ፣ ቁጣው፣ በዘመኑ የተከፈቱት አገሮች ናቸው ትዝ የሚሏችሁ። ዛሬ ግን ከሕይወቱ ብዙ ጊዜ የማናነሳውን ገጽ እንይ። እሱም ከእንስሳት ጋር የነበረው ነገር ነው። አንድ ከባድ ጥያቄ ይመልስልናልና፦ ሲያገለግለን የኖረ እንስሳ ሲደክም፣ ወይም እኛ የማንጠቀምበት ሲሆን፣ ማን ዘንድ ይሂድ?

ዑመር እረኛ ሆኖ ነው ያደገው። መካ አቅራቢያ በምትገኘው ደጅናን የአባቱን የኸጣብን ግመሎች ይጠብቅ ነበር። አባቱ ኸጣብ ኃይለኛ ነበር፤ እስኪደክመው ያሠራው ነበር፣ ካጎደለም ይመታው ነበር። ኸሊፋ ከሆነ በኋላ እንኳ በዚያች ቦታ ሲያልፍ ያንን ጊዜ ያስታውስ ነበር። ከአቅም በላይ መሥራት ምን እንደሆነ በገዛ አካሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዑመር አንድ ፈረስ በአላህ መንገድ ለሚዋጋ ሰው ሰጠ። ሰውየው ግን ፈረሱን አልተንከባከበውም፤ አባከነው። ዑመር ይህን ሲያይ ልቡ አልቻለም። መልሶ ሊገዛው አሰበ፤ በርካሽም ይሸጥልኛል ብሎ ገመተ። ከመግዛቱ በፊት ግን ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው። እሳቸውም በአንድ ዲርሀም እንኳ ቢሰጠው እንዳይገዛው ከለከሉት። በሰደቃ የወጣን ነገር መመለስ የተፋን መልሶ የመላስ ያህል አስቀያሚ መሆኑንም አስረዱት። ታሪኩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ተዘግቧል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዑመር ፈረሱን የፈለገው ለራሱ ጥቅም ብቻ አልነበረም፤ ሲባክን አይቶ ነው። ቢሆንም በሩ ተዘግቷል። ሰደቃ ከእጅ ከወጣ ወጣ። ስለዚህ ማሰብ ያለብን ልጓሙን ከማስረከባችን በፊት ነው፦ ተቀባዩ መኖ አለው? ጊዜ አለው? የእንስሳ ነገር ያውቃል? መስጠት ቀላል ነው፤ የሚይዝ ሰው መምረጥ ነው ከባዱ።

ዑመር በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ634 እ.ኤ.አ) ኸሊፋ ሆነ። መጓጓዣ ለሌላቸው ሙጃሂዶች የሚሰጡ እንስሳትና የዘካ ግመሎች የሚግጡበት ሒማ፣ ማለትም የተከለለ የግጦሽ መሬት፣ ነበረ። ጠባቂ አድርጎ የሾመው ነፃ ያወጣውን ሁነይን ነበር። ያዘዘውም ጥቂት ግመል ወይም ጥቂት በግ ብቻ ያላቸውን ድሆች እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ባለጸጎቹ ከብታቸው ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው። ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል። ሣርና ውኃ መስጠት ደግሞ ወርቅና ብር ከመስጠት ይቀላል።

ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገበው ዑመር ጀርባው የቆሰለ፣ ገጣባ ግመል ሲያገኝ እጁን ቁስሉ ውስጥ ያስገባ ነበር። ስለዚያ ግመል አላህ ፊት እንዳይጠየቅ ይፈራ ነበር። ግመሉ ከአቅሙ በላይ የጫነበትን ሰው ደግሞ ገሥጾ ቀጥቶታል።

ከሁሉም የሚገርመው የዕውሯ ግመል ነገር ነው። ኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ ዘግበውታል። አገልጋዩ አስለም ከግመሎቹ መካከል አንዲት ዕውር እንዳለች ነገረው። የዑመር የመጀመሪያ መልስ ለሚጠቀሙባት ቤተሰብ ትሰጥ የሚል ነበር። አስለም ዕውር መሆኗን አስታወሰው። ዑመር ከሌሎች ግመሎች ጋር አስረው ይመሯታል አለ። አስለም ታዲያ ከመሬት እንዴት ትግጣለች ብሎ ጠየቀ። ዑመር ጥያቄውን አልናቀውም። የዘካ ናት ወይስ የጂዝያ ብሎ አጣራ፤ የዘካ ብትሆን ሐቋ የተለየ ነውና። የጂዝያ ምልክት እንዳለባት ሲረጋገጥ እንድትታረድ አዘዘ። ከሥጋዋ አስቀድሞ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች ተላከ። መጨረሻ የደረሳት የገዛ ልጁ ሐፍሷ ነበረች፤ የሚጎድል ካለ ከልጁ ድርሻ እንዲጎድል። ቀሪው ተሠርቶ ሙሃጂሮችና አንሷሮች ተጋበዙ።

ሱብሓነላህ! የሁለት ታላላቅ ኢምፓየሮችን ጦር የሚገጥም ኸሊፋ ስለ አንዲት ዕውር ግመል ግጦሽ ተቀምጦ ይነጋገራል። ማን ይጠቀምባታል? እንዴት ትበላለች? የማን ሐቅ ናት? እነዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የትም አልለቀቃትም።

በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ644 እ.ኤ.አ) ፈጅር ሲያሰግድ በጩቤ ተወጋ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ልጁን ዐብዱላህን እዳውን እንዲያሰላ አዘዘው። ሕይወቱን ሙሉ የተጠያቂነት ፍርሃት ያልተለየው ሰው በዚያው ላይ ነው የሄደው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። በከተሞቻችን ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ሲያረጅ መንገድ ዳር የሚለቀቅ ፈረስ ሁላችሁም አይታችኋል። ባለቤቱ ከፋ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት መኖ መግዣ አጥቶ ይሆናል። ግን መልቀቅ ነፃ ማውጣት አይደለም፤ መንገድ ላይ መኪና አለ፣ ሌሊት ጅብ አለ።

እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ እንስሳ ካላችሁ ዑመር የጠየቀውን ጠይቁ። መሬትና ሣር ያለው ዘመድ ካለ አነጋግሩት፤ ሄዳችሁ ቦታውን እዩ። በሰደቃ ከመስጠት በአደራ ማኖር ይሻላል ብላችሁ ካሰባችሁ ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጉት፤ የመኖውንም ድርሻ ቻሉ። እንስሳ ከሌላችሁ ደግሞ ላለው ጎረቤት አንድ እስር ሣር አድርሱ።

ያ አላህ! ዝምተኛ ፍጡሮችህ ነገ ከሚከሱን አታድርገን። ኣሚን። ዛሬ ጁምዓ ነውና ሱረቱል ከህፍን መቅራት፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሰለዋት ማብዛት አትርሱ።