የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ ሀብት እንዲለይ የጠየቁት ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ

የመንግሥት ገቢና ወጪ በሕግ ሊወሰን፣ በመዝገብም ሊሰፍር ይገባል የሚለው ሐሳብ በሀገራችን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ይህንን ሐሳብ በአማርኛ ጽፈው ካቀረቡት ቀደምት ምሁራን መካከል ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ገብረሕይወት በ1878 ዓ.ም በአድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው አፄ ዮሐንስ አራተኛን ተከትለው ዘምተው በ1881 ዓ.ም በመተማ ጦርነት ወደቁ። ወቅቱ ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ረሃብ የደረሰበት ነበርና ብላቴናው በምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተጠለሉ። ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ አሳደጓቸው፤ በበርሊንም ሕክምና እንደተማሩ ይነገራል።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና በታመሙበት ወቅት በቤተ መንግሥቱ የነበረው ሽኩቻ ለስደት ዳረጋቸውና በሱዳን ቆይተው ተመለሱ።

በዘመኑ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመው፣ የገንዘቡን ሥራ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ሰጥተው ነበር። ይሁንና በንጉሡ የግል ሀብትና በመንግሥት ሀብት መካከል የተሰመረ ወሰን አልነበረም። ግብሩ በአብዛኛው በእህል፣ በማርና በከብት፣ እንዲሁም በጉልበት ይከፈል ነበር። ሹሙና ወታደሩ የተቆረጠ ደመወዝ ስላልነበራቸው የሚኖሩት ከገባሩ በሚያገኙት ነበር። በዚህ አሠራር በዓመት ምን ያህል እንደተሰበሰበና ምን ያህል እንደወጣ አስልቶ ማወቅ አይቻልም፤ ያልተቆጠረ ሀብት ደግሞ ተቆጣጣሪ የለውም። ሸክሙ በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበር።

ገብረሕይወት ችግሩን የተመለከቱት ከሥሩ ነው። በ1904 ዓ.ም በአሥመራ በታተመው አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተሰኘው ጽሑፋቸው፣ አዲሱ አልጋ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ሊፈጽሟቸው ይገባል ያሏቸውን የማሻሻያ ሐሳቦች ዘርዝረዋል። ከእነዚህም መካከል የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሹማምንትና ወታደሮችም በደመወዝ እንዲተዳደሩ የሚሉት ይገኙበታል። ሐሳቦቹ የተያያዙ ነበሩ። ግብሩ በገንዘብ ካልተተመነ ገቢው አይታወቅም፤ ገቢው ካልታወቀም ደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ደመወዝ የሌለው ሹም ከሕዝብ መውሰዱን የሚያስቆም ደንብ አይገኝም።

ኋላም በምድር ባቡር ተቆጣጣሪነትና በድሬዳዋ ነጋድራስነት ሲሠሩ የመንግሥትን ገንዘብ በቅርብ ለማየት ዕድል አገኙ። በ1895 ዓ.ም ባቡር የደረሰላት ድሬዳዋ ዋነኛ የጉምሩክ በር ነበረችና፣ ወደ ሀገር የሚገባውና ከሀገር የሚወጣው ሸቀጥ በእርሳቸው መሥሪያ ቤት በኩል ያልፍ ነበር። ስለ ንግድ ሚዛን፣ ስለ ጉምሩክና ስለ ገንዘብ የጻፉት ይህን የመሰለ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ጽሑፍ ነው።

ነጋድራስ ገብረሕይወት በ1911 ዓ.ም ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። ዋነኛ ሥራቸው የሆነው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ለኅትመት የበቃው ከሞቱ ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም ነው። በኢኮኖሚ ጥናት ዘርፍ በአማርኛ ከተጻፉት ቀዳሚ መጻሕፍት አንዱ በመሆኑም እስከ ዛሬ በምሁራን ይጠናል።

የጠየቁት ለውጥ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሕግ ገባ። በ1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የመንግሥት ገንዘብ በዓመታዊ በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ ደነገገ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለዋና ኦዲተር ቦታ ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 101 ደግሞ የዋናውን ኦዲተር ሥልጣን ይደነግጋል።

ድንጋጌ መጻፍና ድንጋጌን መፈጸም ግን የተለያዩ ናቸው። ነጋድራሱ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሱት ጉዳይ፣ ማለትም የሕዝብ ገንዘብ የገዢው የግል ንብረት አለመሆኑ፣ በየዓመቱ በጀት በጸደቀና የኦዲት ሪፖርት በቀረበ ቁጥር እንደገና የሚፈተን ነው።