የሆሬስ ማን ታሪክና የትምህርት ቤት ሹም የሚመረጥበት ቀን

ሕዝብ ሹሙን በራሱ ድምፅ በሚመርጥበት አገር፥ ምርጫው በየትኛው ቀን ይሁን ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቀኑ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ከሆነ ሹመቱ የብዙዎች ፈቃድ ይሆናል፤ ማንም የማያስታውሰው ቀን ከሆነ ግን በነገሩ ጥቅም ያላቸው የጥቂቶች ፈቃድ ይሆናል። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት አባት የተባለው ሆሬስ ማን ዕድሜውን የደከመበት ሥራ ከዚሁ ነገር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንጽፋለን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሆሬስ ማን በ1796 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራንክሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት፤ እርሱም ከእርሻው ሥራ ጋራ ለባርኔጣ የሚሆን ገለባ እየጎነጎነ ቤተ ሰቡን ይረዳ ነበር። በቀበሌው የነበረው ትምህርት ቤት በዓመት ከጥቂት ሳምንቶች በላይ ስለማይከፈት፥ አእምሮውን ያሰፋው በስሙ ለተጠራችው ከተማ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሰጣቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው። ከዚህም በኋላ ብራውን ከሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1819 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ጨረሰ። ሕግም ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ በ1827 ዓ.ም. ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ1836 ዓ.ም. ደግሞ የግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1837 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ መንግሥት የትምህርት ቦርድ ሲያቋቁም፥ ሆሬስ ማን የጥብቅና ሥራውንና የምክር ቤቱን ክብር ትቶ የቦርዱ ጸሐፊ ለመሆን ፈቀደ። ወዳጆቹ በዚህ ነገር ተደነቁ፤ ምክንያቱም ይህ ሹመት የማዘዝ ሥልጣን የሌለበት፥ መጠየቅና መመርመር፥ ያዩትንም ጽፎ ማሳወቅ ብቻ የተፈቀደበት ሥራ ነበር።

በዚያን ጊዜ የማሳቹሴትስ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር እንዲህ ነበር። በ1789 ዓ.ም. የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ከተማ በትንንሽ የትምህርት ቀበሌዎች እንዲከፈል ፈቅዶ ነበር። ቀጥሎም በ1826 ዓ.ም. ከተማው ሁሉ በዓመታዊ ጉባኤው የትምህርት ቤት ኮሚቴ እንዲመርጥ፥ በ1827 ዓ.ም. ደግሞ በየቀበሌው አንድ ሰው ተሹሞ መምህሩን እንዲቀጥር ታዘዘ። ስለዚህ አንዱ መምህሩን ይቀጥራል፥ ሌላው ይፈትነዋል። ቀበሌውም ለብቻው ስብሰባ እየጠራ ስለ ትምህርት ቤቱ ሥራና ቦታ ይወስን ነበር። ቀበሌው ትንሽ በመሆኑ የጥቂት ቤተ ሰቦች ጠብ ወይም ዝምድና የብዙ ሕፃናትን ዕድል ይወስን ጀመር። ሆሬስ ማን ይህን ሁሉ ካየ በኋላ፥ የ1789ኙ ሕግ በግዛቱ ስለ ትምህርት ከወጡት ሕጎች ሁሉ የከፋ ነው ብሎ በዓመታዊ መግለጫው ጻፈ።

ቀበሌዎቹን ለመሻር ግን ሥልጣን አልነበረውም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ነገር ሕዝቡ ወደሚገኝበት ቦታ ማቅረብን መንገዱ አደረገ። ሥራ በጀመረ በዓመቱ በ1838 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፥ የየከተማው የትምህርት ቤት ኮሚቴ የትምህርት ቤቶቹን ሁኔታ በየዓመቱ ዘርዝሮ እንዲጽፍ፥ ጽሑፉም በከተማው ዓመታዊ ጉባኤ ፊት እንዲነበብ ወይም ታትሞ እንዲታደል አዘዘ። ስለ መንገድና ስለ ግብር ሊመክር የመጣው ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ልጆቹ እንዴት እንደሚማሩ ይሰማ ጀመር ማለት ነው።

በ1839 ዓ.ም. በሌክሲንግተን የመጀመሪያው የመንግሥት የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1843 ዓ.ም. ወደ አውሮጳ ሄዶ የፕሩስያን ትምህርት ቤቶች መረመረ። ጠላትም አላጣም፤ በ1840 ዓ.ም. ቦርዱ ይሻር የሚል ሐሳብ በምክር ቤት ቀርቦ ድል ሆነ፤ በ1844 ዓ.ም. የቦስቶን መምህራን በጽሑፍ ተነሡበት። እርሱ ግን እስከ 1848 ዓ.ም. ድረስ 12 ዓመታዊ መግለጫዎችን ጽፎ ሥራውን ፈጸመ። ከዚያም በሞተው በጆን ኩዊንሲ አዳምስ ቦታ ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመርጦ ባርነትን ተቃወመ፤ በመጨረሻም በኦሃዮ የአንቲዮክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲያስተምር በ1859 ዓ.ም. ሞተ። የትምህርት ቀበሌዎቹ በማሳቹሴትስ ፈጽመው የተሻሩት እርሱ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ በ1882 ዓ.ም. ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በኋላ የተነሡት የአሜሪካ መንግሥት አሻሻዮች የከተማና የትምህርት ቤት ምርጫ ከፖለቲካ ቡድኖች ክርክር እንዲጠበቅ ብለው ቀኑን ከታላቁ ምርጫ ለዩት። አሳባቸው መልካም ነበር፤ ፍሬው ግን ሌላ ሆነ። ሳራ አንዚያ የተባለችው ተመራማሪ በ2014 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ቀኑ ሲለይ የሚመጣው መራጭ ጥቂት እንደሚሆንና ተደራጅተው የሚመጡት ወገኖች ኃይል እንደሚያገኙ አስረዳች። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ መራጮች የከተማውና የትምህርት ቦርዱ ምርጫ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ከግዛቱና ከአገሩ ምርጫ ጋራ በአንድ ቀን እንዲሆን ወሰኑ፤ ይህንን ለመወሰን እንኳ የመጣው ከአሥር መራጮች አንዱ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት የካሊፎርንያ ግዛት፥ በተለየ ቀን ሲመርጡ የመራጩ ቁጥር ከታላቁ ምርጫ በብዙ የሚያንስባቸው ከተማዎችና የትምህርት ቀበሌዎች ቀናቸውን እንዲያስተባብሩ በሕግ አዘዘ።

ቀኑን አንድ ማድረግን የሚቃወሙትም ከንቱ ነገር አይናገሩም። የምርጫው ወረቀት ሲረዝም የትምህርት ቤቱ ነገር ከታች ይቀራል፤ ስለ ፕሬዚዳንትና ስለ እንደራሴ ሊመርጥ የመጣ ሰው የትምህርት ቤቱን እጩ ሳያውቅ ምልክት ሊያደርግ ወይም ቦታውን ባዶ ሊተው ይችላል። በንግሥ ቀን የመጣ ሕዝብ ብዙ ነው፤ ሁሉ ግን ትምህርቱን ሰምቶ አይመለስም።

የሆሬስ ማን ሥራ የሚጠቅመን በዚህ ላይ ነው። እርሱ ሕዝቡ በብዛት የሚሰበሰብበትን ቀን ፈለገ፤ በዚያም ቀን የትምህርት ቤቶቹ እውነተኛ ሁኔታ ተጽፎ እንዲነበብ አደረገ። የቀኑ አንድነት መራጩን ያበዛል፤ መግለጫው ደግሞ መራጩን አዋቂ ያደርጋል። ስለዚህ ምርጫን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ቀኑን ሲያስተባብሩ፥ የትምህርት ቤቱ መግለጫ ከምርጫው አስቀድሞ ለሕዝቡ እንዲደርስ አብረው ሊያስቡበት ይገባል እንላለን።