ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ፦ የባሕርን ውኃ በመስታወት ገንዳ ያቆዩ የተፈጥሮ ተመራማሪ

የባሕር ዓሦችንና ሌሎች የባሕር እንስሳትን በመስታወት ገንዳ ውስጥ አኑሮ መመልከት በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ገንዳው አኳሪየም በሚለው ስሙ እንዲታወቅ ያደረጉት፣ ውኃውም ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ለሕዝብ በስፋት ያስተማሩት እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎስ ኤፕሪል 6 ቀን 1810 በእንግሊዝ ዉስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ የሰዎችን ምስል በትንንሽ መጠን የሚሥሉ ሠዓሊ የነበሩ ሲሆን ቤተሰቡ በአነስተኛ ገቢ ይተዳደር ነበር። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው የወደብ ከተማ ፑል ነው። በ1827 የ17 ዓመት ወጣት ሳሉ ወደ ኒውፋውንድላንድ ተሻግረው ካርቦኒር በተባለች ከተማ በአንድ የንግድ ድርጅት ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ።

ጎስ በዚሁ ሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይተዋል። ቀን ቀን የድርጅቱን መዝገብ እየጻፉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ በ1832 ስለ ማይክሮስኮፕ የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከገዙ በኋላ የአካባቢውን ነፍሳት እያጠኑና እየሣሉ ይመዘግቡ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልተማሩም። ያዩትን ነገር በዕለቱ፣ በልኩና ሳይጨምሩ የመጻፍ ልማዳቸው የዳበረው በእነዚህ ዓመታት እንደሆነ መገመት ይቻላል። ይህ ልማድ በኋላ ከማናቸውም መሣሪያ ይልቅ ጠቅሟቸዋል።

በ1835 በካናዳ እርሻ ቢጀምሩም አልተሳካላቸውም። በ1838 በአላባማ ለአጭር ጊዜ መምህር ሆነው ሠሩ። በቀጣዩ ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1840 ስለ ካናዳ ተፈጥሮ የጻፉትን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከ1844 እስከ 1846 በጃማይካ ወፎችን ሲያጠኑ ቆዩ። በ1848 ኤሚሊ ባውስን አገቡ፤ በቀጣዩ ዓመት የተወለደው ልጃቸው ኤድመንድ በኋላ ታዋቂ ደራሲና ሐያሲ ሆኗል።

ከሥራ ብዛት ጤናቸው በመታወኩ በ1852 ወደ ዴቨን የባሕር ዳርቻ ሄዱ። በአለቶች መካከል በሚቀሩ የባሕር ውኃ ኩሬዎች ያዩዋቸውን እንስሳት ወደ ቤት ወስደው በሕይወት ለማቆየት ሲሞክሩም ከዋናው ችግር ጋር ተፋጠጡ። በዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የባሕር ውኃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደፈርሳል፣ ይሸታል፣ በውስጡ ያሉትም ይሞታሉ።

ችግሩ ከእርሳቸው በፊትም የታወቀ ነበር። አና ታይን የተባሉ ሴት ከ1846 ጀምሮ በለንደን ከተማ የባሕር ኮራሎችን በሕይወት ያቆዩት ውኃው በየዕለቱ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተገለበጠ አየር እንዲያገኝ በማስደረግ ነበር። አድካሚውን ሥራ ትሠራ የነበረችው የቤት ሠራተኛቸው ናት። የኬሚስትሪ ባለሙያው ሮበርት ዋሪንግተን ደግሞ በ1850 ባቀረቡት ጥናት ዓሦችና የውኃ ዕፅ በአንድ ላይ ቢኖሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚያሟላ አሳዩ። በእርሳቸው የጨው አልባ ውኃ ሙከራ የዕፁ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን ሲያበላሹ መፍትሔ የሆነው የበሰበሰውን የሚበላ ቀንድ አውጣ መጨመር ነበር።

ጎስ ይህንኑ መርሕ በባሕር ውኃ ላይ ሲሞክሩ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸጋሪ ሆነ። የባሕር አልጌ እንደ የብስ ዕፅ ሥር የለውም፤ ከአለት ከተላቀቀ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ስለሆነም በመዶሻና በመሮ ከነተጣበቀበት ድንጋይ ቆርጠው መውሰድ ጀመሩ። ለዓይን የሚማርከው ቀይ አልጌ ብርሃን ሲበዛበት ቶሎ እየሞተ ውኃውን ሲያበላሽ፣ እንደ ሰላጣ ቅጠል ሰፋ ያለውና ማንም የማያደንቀው አረንጓዴ አልጌ ግን በብርሃን ውስጥ አየር እየሰጠ ውኃውን ጠበቀ። የገንዳው መስታወት በአረንጓዴ ሽፋን ሲጋረድ በጥርሳማ ምላሳቸው ሽፋኑን የሚያጭዱ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን አስገቡ። የሞተን እንስሳ ወዲያው ማውጣት፣ በትነት የጎደለውን በጨው አልባ ውኃ መተካትም የሥራው አካል ሆነ፤ በትነት የሚሄደው ውኃው እንጂ ጨው አይደለምና።

ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ውኃው ራሱ ነበር። ጎስ በ1854 ይፋ ባደረጉት ቀመር 4.5 ሊትር ለማይሞላ ውኃ 99 ግራም ያህል የገበታ ጨው፣ 7 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት፣ 13 ግራም ማግኒዚየም ክሎራይድና 2.6 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ቀላቀሉ። ከዚያም እንስሳትን ወዲያው አላስገቡም። በቅድሚያ በድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ አልጌ አስቀምጠው ከሳምንት በላይ ጠበቁ። ቀመሩ ካልሲየምን በመተዉ ዛሬ ለኮራል በቂ አይባልም። ትዕግሥታቸው ግን ዛሬም ትክክል ነው፤ ለአዲስ ገንዳ የሚያስፈልገው የመቆያ ጊዜ እንዲያውም ከዚያ ይረዝማል።

ጎስ አልጌ ለእንስሳቱ ኦክስጅን እንደሚሰጥ በሚገባ ያውቁ ነበር። የእንስሳቱን እዳሪ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ረቂቃን ሕዋሳት ሥራ ግን የታወቀው ከ1877 በኋላ በመሆኑ፣ አልጌው ከውኃው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየመጠጠ የሚሰጠውን ሌላውን ትልቅ ጥቅም የሚያብራራ ሳይንስ በዚያን ጊዜ አልነበረም። በዚህ ላይ የተመሠረተውን የአልጌ ማጣሪያ በ1980ዎቹ ያዳበሩት የስሚዝሶኒያን ተቋም ባልደረባ የነበሩት ዋልተር አዴይ ናቸው።

ዛሬ ብዙዎች ይህን ማጣሪያ ከፕላስቲክ ወንፊት፣ ከአነስተኛ የውኃ ፓምፕና ከመብራት በቤታቸው ይሠሩታል። ሲበላሽባቸው የሚያገኙት ምክንያትም ለጎስ እንግዳ የሚሆን አይደለም። መብራቱ ሲያንስ በአረንጓዴው ፋንታ ጥቁር ወይም ቡናማ ልጋግ ይበቅላል። ወንፊቱ ለስላሳ ከሆነ አልጌው ሳይጠነክር ታጥቦ ይሄዳል፤ ውኃው እኩል ካልፈሰሰም ደረቅ የቀረው ቦታ ይሞታል። ከሁሉም የሚከፋው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አለማጨድ ነው፤ ከሥር ያለው ንብርብር ብርሃን አጥቶ ሲበሰብስ የመጠጠውን ሁሉ ለውኃው ይመልሳል። ሙልጭ አድርጎ መፋቅም ገንዳውን ለቀናት ያለ ማጣሪያ ያስቀረዋል።

ጎስ በሜይ 1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ለተከፈተው የዓሦች ቤት የባሕር እንስሳትን ከሰበሰቡት አንዱ ነበሩ። በ1854 አኳሪየም የተሰኘው መጽሐፋቸው ሲታተም ተቀባይነቱ ከፍተኛ ሆነ። በመስታወት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845 መነሣቱና የባቡር ሐዲድ ወደ ባሕር ዳርቻ መዘርጋቱም አግዟል። በቀጣዩ ዓመት ያወጡት አነስተኛ መመሪያ ደግሞ ማንም ሰው በቤቱ ገንዳ እንዲያዘጋጅ የሚያስችል ነበር። በ1856 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ።

የሥራቸው ውጤት ግን በሌላ አቅጣጫም መጣ። መጽሐፎቹን ያነበቡ ሰዎች መዶሻና ባልዲ ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻ ጎረፉ፤ ብዙዎቹ ያገኙትን ሁሉ እየፈለፈሉ ወሰዱ። የገንዳን ውኃ ሚዛን ለመጠበቅ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ አንብቦ በሥራ ላይ ያዋለው ጥቂቱ ብቻ ስለነበር ከተወሰደውም አብዛኛው በየቤቱ ሞተ። ልጃቸው ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው ማስታወሻ፣ በልጅነቱ በሕይወት የተሞሉ የነበሩ የዴቨን ኩሬዎች በሰብሳቢዎች መራቆታቸውን፣ አባቱም ያላሰቡት ጥፋት ከመጽሐፎቻቸው መከተሉን ተረድተው እጅግ ማዘናቸውን ጽፏል። በዚያን ጊዜ በዳርቻው ላይ የሚወሰደውን መጠን የሚወስን ደንብ ቢኖር ኖሮ ጉዳቱ በቀነሰ ነበር።

ፌብሩዋሪ 1857 ባለቤታቸው ኤሚሊ በጡት ካንሰር አረፉ። በዚያው ዓመት የምድርን ዕድሜ ከሃይማኖታቸው ጋር ለማስታረቅ የጻፉት መጽሐፍ ሳይንቲስቶችንም ምእመናንንም ሳያረካ ቀረ። ጎስ ከልጃቸው ጋር በቶርኪ አጠገብ ወደምትገኘው ሴንት ሜሪቸርች ሄደው ኖሩ፤ በ1860ም ኤሊዛ ብራይትዌንን አገቡ። አኒሞን ስለተባሉት አበባ መሰል የባሕር እንስሳት ያዘጋጁት ትልቅ ሥራ በ1860 ተጠናቀቀ፤ ሥዕሎቹንም ራሳቸው ሠርተዋል።

በእርጅናቸው ወደ ማይክሮስኮፓቸው ተመልሰው ሮቲፈር የተባሉ በዓይን የማይታዩ የውኃ እንስሳትን አጠኑ። ከቻርለስ ሃድሰን ጋር ያዘጋጁት ጥናት በ1886 ታተመ። ጎስ በሴንት ሜሪቸርች ኦገስት 23 ቀን 1888 በ78 ዓመታቸው አረፉ፤ የጥናቱ ተጨማሪ ክፍል የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው።